ስለ አሽ ዛፍና ስለ እንጨቱ

በአውሮጳ ምድር ከሚበቅሉት ታላላቅ ዛፎች አንዱ፤ እንግሊዞች አሽ፤ የሮም ሰዎችም ፍራክሲኑስ ብለው የሰየሙት ዛፍ ነው። ሊቃውንት ከወይራ ወገን ይቈጥሩታል። ነገር ግን ወይራ ዓመቱን ሁሉ ለምልሞ ሲኖር፤ አሽ ብርድ በመጣ ጊዜ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ይቆማል፤ ብርዱም ካለፈ በኋላ ከብዙዎቹ ዛፎች ዘግይቶ ያቈጠቍጣል። የሚኖርበትም አገር ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ እስከ ካውካሰስ ተራሮች ይደርሳል። ርጥበትና የኖራ ባሕርይ ያለበትን መሬት፤ የወንዝ ዳርንና ሸለቆን ይወዳል፤ ቁመቱም እስከ 35 ሜትር ይሆናል።

እንጨቱ ነጣ ያለና ጠንካራ ሲሆን፤ መለመጥን ስለሚያውቅ ምት ቢያገኘው ቶሎ አይሰበርም። በጥንታዊው የእንግሊዝ ቋንቋ የዛፉና የጦሩ ስም አንድ ቃል የሆነው ስለዚህ ነው። ሠረገላ ሠሪዎችም የመንኰራኵሩን እምብርት ከኤልም፤ ዘንጎቹን ከኦክ፤ ዙሪያውን ከአሽ ያበጁ ነበር። ከ1914 እስከ 1918 በአውሮጳ አቈጣጠር በተደረገው ታላቅ ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን አጥንት ሆኗል። አየርላንዶችም የገና ጨዋታን ለሚመስለው ጨዋታቸው ዱላውን የሚያወጡት ግንዱ ወደ ሥሩ ከሚታጠፍበት ስፍራ ነው። ከርጥብ መሬት ጋር ከተገናኘ ግን ፈጥኖ ይበሰብሳልና ለቤት ምሰሶ አይመረጥም። ገበሬዎች ዛፉን ከሥሩ አጠገብ ቢቈርጡት እንደ ገና ስለሚያቈጠቍጥ፤ አንዱ ጕቶ ለአያትም ለልጅ ልጅም እጀታና ማገዶ ሲሰጥ ኖሯል።

በ1992 በአውሮጳ አቈጣጠር ግን ዛፎቹ ከጫፋቸው ጀምረው ሲደርቁ በፖላንድ ታየ። ምክንያቱ ከምሥራቅ እስያ የመጣ ሻጋታ ነው፤ በዚያ ያሉት የአሽ ዘመዶች ከእርሱ ጋር ብዙ ሳይጐዱ ይኖራሉ። በወደቀ ቅጠል ዘንግ ላይ አድጎ በነፋስ ይበተናል። እንግሊዞች፤ ዛፉ በገዛ አገራቸው ራሱን እየዘራ የሚበቅል ሳለ፤ ችግኙን ከባሕር ማዶ መግዛት ልማድ አድርገው ነበር፤ በ2012 በሽታው ከችግኙ ጋር ተገኘ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር መንግሥት ማስመጣቱን ከለከለ፤ ሆኖም ደዌው አስቀድሞ ጫካ ገብቶ ነበር።

ለጫካው ሁሉ የሚበቃ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ይሁን እንጂ ከብዙዎቹ መካከል ጥቂቶች በሽታውን ችለው ይቆማሉ፤ ይህንም ኀይል በዘራቸው ያወርሳሉ። ስለዚህ ሊቃውንት ለባለ ጫካዎች፤ በሰው ላይ የመውደቅ አደጋ ከሌለ በቀር ሁሉን በአንድነት አትቍረጡ ብለው ይመክራሉ። ሕያው ሆኖ የሚቀረውን ሳይለይ ምሳሩን የሚያነሣ ሰው፤ ምናልባት የመጪውን ጫካ አባት ይጥላልና።