ቻርዳሽና የቆቦው ሶለል

ጭፈራ ከመንደር ተነሥቶ መድረክ ሲወጣ፣ ከመድረክ ደግሞ ፊልም ሲሆን ምን ያተርፋል? ምንስ ያጣል? ጥያቄውን ያነሣነው ለቆቦው ሶለል ብለን ነው። እስቲ ግን አስቀድመን ሃንጋሪ ደርሰን እንመለስ።

ቻርዳሽ የሃንጋሪዎች ጭፈራ ነው። ቀስ ብሎ ይጀምርና እየፈጠነ ይሄዳል። የሙዚቃ ደራሲው ኢምሬ ካልማን ከዚህ ጭፈራ ተነሥቶ «የቻርዳሽ ልዕልት» የተሰኘ ኦፔሬታ፣ ማለትም ንግግርና ዘፈን የተቀላቀለበት ቀለል ያለ የመድረክ ሥራ፣ ደረሰ። ቪየና ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1915 አንደኛው የዓለም ጦርነት እየነደደ ሳለ ነው። ታሪኩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ልዑሉ ዘፋኝ ይወዳል፤ ዘመዶቹ «ለዘራችን አትመጥንም» ይላሉ!

ሥራው በ1927 ድምፅ አልባ ፊልም ሆነ። በ1934 ጀርመን ውስጥ፣ በ1944 ሶቪየት ኅብረት ውስጥ፣ በ1951 ደግሞ ምዕራብ ጀርመን ውስጥ እንደገና ተቀረፀ። ካልማን ግን አይሁዳዊ ስለነበር ናዚዎች ሙዚቃውን አገዱበት። በ1938 ኦስትሪያን ሲይዙም ተሰደደ፤ አሜሪካ ገባ። ሙዚቃው በኖታ ተጽፎ ስለነበር ሰውየው ቢሰደድም ሥራው አልጠፋም።

ወደ ራያ እንመለስ። ዋግ ላይ ሻደይ፣ ላስታ ላይ አሸንድዬ የሚባለው የልጃገረዶች ጨዋታ ቆቦ ላይ ሶለል ይባላል። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ልጃገረዶች አምረው፣ ከበሮ ይዘው ከቤት ቤት ይዞራሉ። የሰጠውን ያወድሳሉ፤ የነፈገውን በግጥም ይሸነቁጣሉ። ደራሲውም ተዋናዩም እነሱ ናቸው።

ሶለልም መድረክ ወጥቷል። ከሻደይና ከአሸንድዬ ጋር በስቴዲየም ሲቀርብ፣ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ አይተናል። ለስሙ ጥሩ ነው፤ ቆቦን የማያውቅ ሰው ሶለልን አወቀ። ነገር ግን ስቴዲየም ውስጥ የሚንኳኳ በር የለም። የሚወደስ አባወራ፣ የሚሸነቆጥ ቆንቋናም የለም። ሰዓቱ የተቆረጠ፣ ግጥሙ አስቀድሞ የተጠና ነው።

ይህ ለምን ያሳስበናል? ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የበዓሉ ሦስተኛ ቀን መሆኑ ነው፣ ጦርነቱ ቆቦ አካባቢ እንደገና ተቀሰቀሰ። ከዚያ በፊት በነበረው ነሐሴም ከተማዋ በጦርነት ውስጥ ነበረች። ሁለት ነሐሴ በተከታታይ! ታላላቆቿን ተከትላ ግጥም መቀበል የምትማር ትንሽ ልጅ ለሁለት ዓመት ትምህርት ቤቷ ተዘጋ ማለት ነው። የካልማን ሥራ ኖታ ነበረው። የሶለል ኖታ ግን ልጃገረዶቹ ናቸው።

መድረኩም ካሜራውም ይቀጥሉ እንላለን። ነገር ግን ካሜራው ከስቴዲየሙ ወጥቶ ቀበሌ ይግባ። ግጥሙ የትኛው መንደር፣ በየትኛው ዓመት፣ በማን አፍ እንደተባለ ይጻፍ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ልጆቹ ሳይፈሩ ከቤት ቤት የሚዞሩበት ነሐሴ ይምጣላቸው። ያ ከሌለ የምንቀርፀው ትዝታ ብቻ ይሆናል።