የብርሃን ሞገድ መሪ መቀየሪያ

የብርሃን ሞገድ መሪ መቀየሪያ በቺፕ ላይ የሚጓዝን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ሳይለውጥ ከአንድ መስመር ወደ ሌላ መስመር የሚያዛውር መሣሪያ ነው። በፋይበር መረቦች ውስጥ መረጃ የያዘውን ብርሃን ወደሚፈለገው አቅጣጫ ለመላክ ያገለግላል። የብርሃን ክፍሎችን በአንድ ቺፕ ላይ የማሰባሰብ ሐሳብ በ1969 እ.ኤ.አ. በቤል ላብራቶሪው ስቱዋርት ሚለር ጽሑፍ «የተቀናጀ ኦፕቲክስ» ተብሎ ቀርቧል።

አሠራር

የስብራት ኢንዴክስ ብርሃን በአንድ ቁስ ውስጥ ከባዶ ኅዋ ይልቅ ስንት እጥፍ እንደሚዘገይ የሚያሳይ ቁጥር ነው። የሞገድ መሪው እምብርት ከዙሪያው የበለጠ ኢንዴክስ ስላለው ብርሃኑ አያመልጥም። የሞገድ ርዝመቱ 1.55 ማይክሮሜትር ለሆነ ብርሃን የሲሊከን ኢንዴክስ 3.48፣ የሚከበው ሲሊካ ደግሞ 1.44 ያህል ነው።

በብዛት የሚሠራበት የማክ-ዜንደር ንድፍ ነው። ብርሃኑ መግቢያው ላይ እኩል ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ክንዶች ይጓዝና ሁለት መውጫዎች ባሉት መገናኛ ይደርሳል። የአንዱ ክንድ ኢንዴክስ ሲጨምር በዚያ ያለው ሞገድ ይዘገያል። መዘግየቱ ግማሽ የሞገድ ርዝመት ሲሞላ ብርሃኑ ከአንዱ መውጫ ወደ ሌላው ይዛወራል።

የንድፍ ምርጫዎች

ዋናው ችግር ኢንዴክሱ የሚለወጠው በጣም በትንሹ መሆኑ ነው።

በሙቀት የሚሠራ፦ ሲሊከን በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ኢንዴክሱ የሚጨምረው በ0.00018 ገደማ ነው። ስለዚህ 200 ማይክሮሜትር የሚረዝም ክንድ 22 ዲግሪ ያህል መሞቅ አለበት። ክንዱ በእጥፍ ቢረዝም ግማሹ ሙቀት ይበቃል፤ ሆኖም የሚሞቀው አካል ስለሚጨምር የኃይል ፍጆታው እምብዛም አይቀንስም። በክንዱ ዙሪያ ቦይ ቆፍሮ ሙቀቱ እንዳይባክን ማድረግ ኃይል ይቆጥባል፤ ነገር ግን ክንዱ ቶሎ ስለማይቀዘቅዝ መቀየሪያው ይዘገያል። የተለመደው ፍጥነት በማይክሮሰከንዶች ይለካል።

በኤሌክትሪክ መስክ የሚሠራ፦ እንደ ሊቲየም ኒዮቤት ባሉ ክሪስታሎች ቮልቴጅ ኢንዴክሱን በቀጥታ ይለውጣል። መቀየሪያው በናኖሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይሠራል። ለውጡ ጥቃቅን በመሆኑ ግን ክንዶቹ ብዙውን ጊዜ ከሚሊሜትር እስከ ሴንቲሜትር ይረዝማሉ።

የብርሃን መፍሰስ

ብርሃኑ እኩል ካልተከፈለ ጥቂቱ በተሳሳተው መውጫ ይወጣል። የ20 ዴሲቤል ልዩነት ማለት ትክክለኛው መውጫ ከሚያገኘው ብርሃን 1/100ኛው ወደ ሌላው ፈሰሰ ማለት ነው። ብዙ መቀየሪያዎች ሲቀጣጠሉ ይህ ፍሳሽ እየተጠራቀመ መረጃውን ያበላሻል። በመሆኑም አልፎ አልፎ ብቻ ለሚቀየር መስመር በሙቀት የሚሠራው፣ በየቅጽበቱ ለሚቀየር ደግሞ በኤሌክትሪክ መስክ የሚሠራው ይመረጣል፤ በሁለቱም ግን የአከፋፈሉ እኩልነት ወሳኝ ነው።