ቁልቁል የኤሌክትሪክ ልኬታ

ባለሙያዎች «ቬርቲካል ኤሌክትሪካል ሳውንዲንግ» የሚሉትን ዘዴ እዚህ «ቁልቁል የኤሌክትሪክ ልኬታ» ብለነዋል። ሳይቆፍሩ፣ ኤሌክትሪክ ወደ ታች እየላኩ የከርሰ ምድሩን ንብርብር መመርመር ማለት ነው። መነሻው ፈረንሳዊው ኮንራድ ሽሉምበርዤ በ1912 እ.ኤ.አ. ኖርማንዲ ውስጥ ያደረገው ሙከራ ነው። አራት የብረት ካስማዎች በአንድ መስመር ይተከላሉ፤ በዳርና ዳር ባሉት ኤሌክትሪክ ይላካል፣ በመሃሎቹ ቮልቴጅ ይለካል። የዳሮቹ በተራራቁ ቁጥር ኤሌክትሪኩ ጠልቆ ይወርዳል። ከዚያ መሬቱ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም፣ ማለትም ሬዚስቲቪቲው፣ በኦም ሜትር ይሰላል።

ይህን ዘዴ በጅማ እንየው፤ ከተማዋና ዙሪያዋ ያረፉት ጥንት ከእሳተ ገሞራ በፈሰሰ ባዛልትና በመሰሎቹ ላይ ነው። ያልተሰነጠቀ ባዛልት ውሃ የሚያጠራቅምበት ቦታ የለውም ማለት ይቻላል። ውሃው የሚገኘው በስንጥቁ፣ በበሰበሰው ክፍልና በሁለት የባዛልት ፍሳሾች መካከል ባለው ልል ንብርብር ነው። ዝናብ በማይነፍገው በዚህ አገር እንኳ አንዱ ግቢ ውሃ ሲያገኝ የጎረቤቱ ጉድጓድ ደረቅ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ጠንካራ ባዛልት ብዙ ጊዜ ከ1,000 ኦም ሜትር በላይ ይነበባል፤ ውሃ የሞላው ስንጥቅ ዓለት ግን ወደ መቶዎችና ወደ አሥሮች ይወርዳል። ችግሩ ሸክላም ንባቡን ማውረዱ ነው፣ አንዳንዴም ከውሃው ይበልጥ። የጅማ ቀይ አፈር ደግሞ ሸክላው ብዙ ነው። መሣሪያው የሚነግረን የመሬቱን ተቋቋሚነት እንጂ የውሃውን መኖር አይደለም። ስለዚህ «ንባቡ ዝቅ ብሏል፣ ይቆፈር» ብሎ የሚያበቃ ዘገባ፣ በእኔ እይታ፣ ግማሽ ሥራ ነው።

ስሌቱ ንብርብሮቹ አግድም ተነጥፈዋል ብሎ ይነሳል፤ ስንጥቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁልቁል ይወርዳል። አንድ ነጥብ ለክቶ መፍረድ የማይበቃውም ለዚህ ነው። አስቀድሞ የስንጥቁን አቅጣጫ ከሳተላይት ምስልና ከመሬቱ ገጽታ ማንበብ፣ ከዚያ ያንን አቅጣጫ በሚያቋርጥ መስመር ላይ ደጋግሞ መለካት ይሻላል።

እንደ ጅማው ጊንጆ ጉዱሩ ቤት በተጠጋጋበት ሰፈር ደግሞ ሽቦ መዘርጊያ ቦታ ይጠፋል። 100 ሜትር ጥልቀት ለማየት በግምት ከ400 እስከ 500 ሜትር መስመር ያስፈልጋል፤ የተቀበረ የብረት ቧንቧና የመብራት መስመርም ንባቡን ያዛባሉ።

ጥልቅ ጉድጓድ ልታስቆፍሩ ያሰባችሁ፣ ለቁፋሮ ከመክፈላችሁ በፊት ልኬታው በስንት ነጥብ እንደተወሰደና በአካባቢው ቀድሞ ከተቆፈረ ጉድጓድ መረጃ ጋር መመሳከሩን ጠይቁ።