አዌቱ ቦዬ ሲገባ

ባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁትም ጅማ ነው። ስለ ወንዝ አፍ በማስተምርበት ክፍለ ጊዜ መጽሐፉ የሚያሳየው ወንዝ ባሕር ሲገባ፣ ውሃው ከጨዋማው ጋር ሲደባለቅ፣ ዓሣና ወፍም እዚያ ሲራባ ነው። የእኛ ውሃ ግን ባሕር አይደርስም። አዌቱ ከተማውን አቋርጦ ቦዬ ጨፌ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ግልገል ግቤ ይወርዳል፤ ግልገል ግቤ ግቤን ይቀላቀላል፤ ግቤም ኦሞ ተብሎ ቱርካና ሐይቅ ውስጥ ያበቃል። ቱርካና ደግሞ መውጫ የለውም። ከላይ ከጣልነው በመንገድ ያልቀረው ሁሉ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ሌላ አገር የወንዝ አፍ ረግረግ የሚሠራውን ሥራ እኛ ዘንድ የሚሠሩት በመንገድ ላይ ያሉት ጨፌዎችና ኦሞ በደለሉ የሠራው ረግረግ ናቸው።

የጅማ ታሪክ ሲነገር ቤተ መንግሥቱና ቡናው ይነሣሉ፤ ጨፌው አይነሣም። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1870ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ ጅሬን ኮረብታ ላይ ሆነው ሲገዙ፣ ንግዱ የሚጧጧፈው ከታች ሂርማታ በተባለው ገበያ ነበር። የሐሙስ ገበያው ከሩቅ አገር ሲራራ ነጋዴ ይስብ ነበር። ሲራራ ነጋዴ ደግሞ ያለ በቅሎና አህያ አይመጣም፤ የጭነት ከብት ሣርና ውሃ ይፈልጋል። ገበያው አዌቱ ዳር መቆሙ፣ ሣር የማያጣው ሜዳም ከበታቹ መሆኑ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ጣሊያኖች ከ1928 ዓ.ም. በኋላ ገብተው ከተማውን ሲያስፋፉም የከተማው ፍሳሽ የሚወርድበት አቅጣጫ አልተለወጠም።

ቦዬ ላይ የሚሆነውን ክረምት ቆሞ ማየት ነው። አዌቱ ቀይ ሆኖ ይመጣል። ጨፌው ውስጥ ሲገባ ውሃው በሺህ አገዳ መካከል ይበተንና ፍጥነቱን ያጣል፤ የተሸከመውን አፈርም ያራግፋል። ሥሩ ላይ የተጣበቁ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት ቆሻሻውን ይበላሉ፣ ሣሩም የቀረውን ምጎ ያድግበታል። በበጋ ደግሞ ጨፌው ያጠራቀመውን ውሃ ቀስ እያለ ይለቃል። ጉማሬ የሚኖረው፣ ራሱ ላይ ወርቃማ ዘውድ የደፋው ባለ ረጅም እግር ወፍ የሚፈለፍለው በዚሁ ረግረግ ነው።

አንዲት የጨፌ ሣር ሻጭ እናት ሲያጭዱ አጠገባቸው ቆሜ ዐይቻለሁ። ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው፣ አገዳውን በግራ እጃቸው ጨብጠው ከውሃው በላይ በማጭድ ይቆርጡታል።

«አዴ፣ ለምን ከሥሩ አይነቅሉትም? ይቀል ነበር እኮ።»

«ልጄ፣ ሥሩን ከነቀልኩ ለመውሊዱ ምን ልሸጥ ነው?»

ጅማ ውስጥ ቡና የሚፈላበት ቤት ጨፌ ይጎዘጎዛል፤ የእስላሙም የክርስቲያኑም ነው። ያ ሣር የሚመጣው ከዚህ ነው።

ዛሬ የቦዬ ዳር ዳሩ ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል፤ ለጡብ የሚሆን ጭቃ ይቆፈርበታል፤ ቦይ ተቀዶለት ማሳ የሆነም አለ። ጡብ ሠሪውም ገበሬውም ልጆች የሚያሳድጉ ሰዎች ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። ግን ጨፌው ያላስቀረው አፈር የትም አይጠፋም። 184 ሜጋዋት የሚያመነጨው የግልገል ግቤ ግድብ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ከላይ የሚታጠበው አፈር ሁሉ የሚያርፍበት ሐይቅ ተፈጠረ። ደለል የያዘው ቦታ ውሃ አይይዝም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ቡናው ነው። አጋሮን፣ ሊሙን፣ ጌራን የመሰሉት አገሮች ቀድሞ በብዛት የሚሸጡት በፀሐይ የደረቀ ጀንፈል ነበር፤ ውሃ አይጠይቅም። የታጠበ ቡና የተሻለ ዋጋ ሲያወጣ የእሸት ቡና መፈልፈያዎች በየወንዙ ዳር በዙ። ከፍሬው የሚታጠበው ዝልግልግ ስኳር ያለበት ነው። ወንዝ ውስጥ ሲገባ ደቂቅ ነፍሳት ይረባረቡበትና የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል፤ ውሃው ይከረፋል፤ ከብት አይቀምሰውም። እሸት የሚለቀመው ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ ነው፤ ክረምቱ አልፎ ወንዙ መቅጠን በሚጀምርበት ጊዜ ፍሳሹ ይጫንበታል ማለት ነው።

መፍትሔው ግን አገር ውስጥ አለ። አንዳንድ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ውሃ ቆጣቢ መፈልፈያ ተክለው፣ ፍሳሹን በጉድጓድ ካሳረፉ በኋላ ቬቲቨር የተባለ ሣር በተተከለበት ሜዳ ላይ ይለቁታል። ጨፌን በእጅ መሥራት ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ትንሽ መሬትና ጊዜ ነው፤ ጊዜው ደግሞ አለ። ጥር ላይ መፈልፈያው ሥራ ያቆማል፤ እስከ ግንቦት ጉድጓዱ ይቆፈራል፤ ሰኔ ዝናቡ ሲጠና ቬቲቨሩ ይተከላል፤ ጥቅምት ላይ የመጀመሪያው እሸት ሲገባ ሥሩ መሬት ይዟል።