መብራት በፈረቃ፣ ቅጂ በሌሊት

የመረጃ ቋት ቅጂ ሰው ሳይነካው እንዲወሰድ የማድረግ ልማድ ከትእዛዝ መስመር የተወለደ ነው። የዩኒክስ ስርዓተ ክወናው ክሮን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሥራን በተቀጠረለት ሰዓት ይቀሰቅስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ዶስ ደግሞ በአንድ ፋይል የተደረደሩ ትእዛዞችን በተራ የሚፈጽመውን የባች ፋይል አመጣ። የመረጃ ቋት ሶፍትዌሩ ማይኤስኪውኤል በ1995 ከወጣ በኋላ ሠንጠረዦችን ወደ ተራ ጽሑፍ የሚገለብጥ አንድ መስመር ትእዛዝ በዚያ ፋይል ውስጥ ገባ።

በኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶቹ በሚታወቀው፣ በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ በሚገኘው የካባላጋላ ሰፈር፣ ሒሳቡን በኮምፒዩተር ለያዘ ነጋዴ ዋናው ፈተና መብራት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የኃይል ማመንጫውን ውኃ የሚሰጠው የቪክቶሪያ ሐይቅ በመጉደሉ ከተማዋ መብራት በፈረቃ አገኘች። ለእኩለ ሌሊት የተቀጠረ ስክሪፕት፣ ማለትም እንዲህ ያለው የትእዛዞች ፋይል፣ ኮምፒዩተሩ ከጠፋ አይነሳም፤ ክሮንም ያለፈ ሰዓት አያካክስም። የዊንዶውስ ቪስታ የሥራ መርሐ ግብር መሣሪያ ያመለጠውን ሥራ ማሽኑ እንደበራ የማስነሳት ምርጫ ማካተቱ እንዲህ ላለው ከተማ ትልቅ ነገር ነበር።

ከዚህ የከፋው አደጋ ድምፅ የለውም። ቅጂው እየተወሰደ ሳለ መብራት ሲቋረጥ የቅጂው ፋይል ግማሽ ወይም ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ስሙና ቀኑ ግን ትክክል ይመስላል። ጥሩ ስክሪፕት የትእዛዙን የስህተት ቁጥር የሚያየውና አዲሱ ቅጂ ሳይረጋገጥ አሮጌውን የማይሰርዘው ለዚህ ነው።

ፈተናው መብራት ብቻ አልነበረም፤ በጃንዋሪ 2021 ምርጫ ሰሞን በኡጋንዳ ኢንተርኔት ለቀናት ተዘጋ። ቅጂውን ወደ ውጭ ሰርቨር ብቻ የሚልክ ስክሪፕት መንገድ አጣ፤ በገመድ በተሰካ ዲስክ ላይ የሚጽፈው ግን ኢንተርኔት አላስፈለገውም።