ጥርኝ ውሃና ሚዛን፦ ክብደት እየቀነሰ ሳለ ቁጥሩ ለምን ይዋዥቃል?

በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ደጋግመው ከሚሣሉ ታሪኮች አንዱ የበላዔ ሰብእ ነው። ሰባ ስምንት ሰዎችን የበላው ይህ ሰው ለፍርድ በቀረበ ጊዜ፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድኃ የሰጣት ጥርኝ ውሃ በእርሷ አማላጅነት ከኃጢአቱ ክብደት በልጣ ሚዛን ደፋች ይላል ትረካው። ታሪኩ የተነገረው ስለ ምሕረት እንጂ ስለ ሰውነት ክብደት አይደለም። ይሁን እንጂ ጥቂት ውሃ የሥጋውንም ሚዛን እንደሚደፋ ሐኪሞች በምርምር እስኪያረጋግጡ ድረስ ከ300 ዓመት በላይ ወስዷል።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። አመጋገቡን አስተካክሎ በጽናት የቆየ ሰው ለሦስት ሳምንታት ክብደቱ ሲወርድ ያያል፤ በአራተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ አንድ ኪሎ ጨምሮ ያገኘዋል። በዋዜማው ከልኩ አላለፈም። አንዱ ድካሙ ከንቱ እንደቀረ ቆጥሮ ነገሩን ይተወዋል፤ ሌላው ራሱን ለመቅጣት ጭራሽ ምግብ ይከለክላል። ሁለቱም የሚወስኑት ሚዛኑ ስለ ስብ የነገራቸው መስሏቸው ነው። ሒሳቡ ግን ሌላ ይናገራል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ስብ የሚያጣ ሰው በቀን የሚቀንሰው 70 ግራም ገደማ፣ ማለትም የአንድ ሲኒ ቡና ያህል ነው። የሰውነቱ ውሃና በአንጀቱ ያለው ምግብ ግን በአንድ ቀን ብቻ አንድ ኪሎ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊለዋወጥ ይችላል። ትንሹ ለውጥ በትልቁ ይሸፈናል።

ይህን መዋዠቅ በሥርዓት መመርመር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1561 በካፖዲስትሪያ የተወለደውና በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያስተማረው ሳንቶሪዮ ሳንቶሪዮ ነው። ሳንቶሪዮ ከትልቅ ሚዛን ላይ ወንበር አንጠልጥሎ፣ በዚያ ላይ እየተቀመጠ ለዓመታት ራሱን መዘነ። የሚበላውንና የሚጠጣውን፣ ከሰውነቱ የሚወጣውንም ሁሉ ለየብቻ ይመዝን ነበር። በ1614 በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ ያሰፈረው ውጤት ዘመኑን ያስደነቀ ነበር፤ አንድ ሰው በቀን ስምንት ፓውንድ ምግብና መጠጥ ቢወስድ፣ አምስቱ ፓውንድ ያህል በዓይን በማይታይ ትነት በቆዳና በትንፋሽ ይወጣል አለ። መጠኑ እንደ ሰው፣ እንደ አየሩና እንደ አመጋገቡ የሚለያይ ቢሆንም ዋናው ግኝት ጸንቷል። የሰው ክብደት ቆሞ የሚጠብቅ ነገር አይደለም፤ ሰው ተኝቶ ሳለ እንኳ ይቀንሳል።

ሳንቶሪዮ ምን ያህል እንደሚወጣ አወቀ እንጂ የሚወጣው ምን እንደሆነ አላወቀም። ይህን ደረጃ በደረጃ የገለጠው ፈረንሳዊው አንትዋን ላቮዋዚዬ ነበር። ከረዳቱ ከአርማን ሴጋን ጋር ሆኖ፣ አብዮቱ በፈነዳባቸው ዓመታት፣ መተንፈስ እንደ ሻማ መንደድ ኦክስጅን የሚፈጅና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያወጣ ቀስ ያለ ቃጠሎ መሆኑን አሳየ። ሁለቱ በቆዳ የሚተነውን ውሃ ከትንፋሹ ለይተው ለመለካትም ሞከሩ። ጤነኛ ሰው የሚበላው ቢበዛም ቢያንስም በ24 ሰዓት ፍጻሜ ወደ ትናንት ክብደቱ እንደሚጠጋም ታዘቡ። ላቮዋዚዬ በግንቦት 1794 በጊሎቲን ተገደለ፤ ሥራው ግን የኋለኛው ዘመን የካሎሪ ሳይንስ መሠረት ሆነ።

እስከዚህ ድረስ የሚዛኑ መዋዠቅ የሊቃውንት ጉዳይ እንጂ የተራው ሰው ጭንቀት አልነበረም። ነገሩን የለወጠው የሚዛኑ ቦታ መለወጥ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሳንቲም የሚጎርሱ ሚዛኖች በአሜሪካ ከተሞች ጎዳናዎች ላይ ቆሙ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርታት ደግሞ ትንሹ ሚዛን ወደ መታጠቢያ ቤት ገባ። ሉሉ ሀንት ፒተርስ የተባለች ሐኪም በ1918 ያሳተመችው የአመጋገብ መጽሐፍ ካሎሪ መቁጠርን በአሜሪካ ቤቶች አስፋፋ። በ1958 ደግሞ ማክስ ዊሽኖፍስኪ የተባለ ሐኪም አንድ ፓውንድ የሰውነት ክብደት ከ3,500 ካሎሪ ጋር እንደሚመጣጠን የሚገልጽ ስሌት አሳተመ። ስሌቱ ከአውዱ ተነጥሎ ሕዝብ ዘንድ ሲደርስ የሐሰት ተስፋ ፈጠረ፤ በየቀኑ 500 ካሎሪ የቀነሰ ሰው በየሳምንቱ አንድ ፓውንድ፣ እንደ ክር በቀጥታ መስመር፣ ይቀንሳል ተባለ። ሚዛኑ መስመሩን ሲስት ጥፋተኛው ሰውዬው ተደርጎ ተቆጠረ።

መልሱ ግን ከዊሽኖፍስኪ ስሌት 28 ዓመት አስቀድሞ ታትሞ ነበር። በዚያን ዘመን አንዳንድ ሐኪሞች፣ ምግባቸው ተቀንሶም ክብደታቸው አልወርድ ያለ ሰዎች ሰውነታቸው በተፈጥሮው የተለየ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ኒውበርግና ጆንስተን የተባሉ ተመራማሪዎች የእነዚህን ሰዎች ምግብ፣ የሚያወጡትን ውሃና የሚያነዱትን ኃይል በጥንቃቄ ለኩ። በ1930 ያወጡት ውጤት ግልጽ ነበር፤ ስቡ በሒሳቡ መሠረት እየነደደ ነበር፤ ነገር ግን በጠፋው ምትክ ሰውነት ለጊዜው ውሃ ይይዛል። ሚዛኑ ለቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ባለበት ይቆማል፤ ከዚያ ውሃው ሲለቀቅ ቁጥሩ በድንገት ይወርዳል። የጎደለው ስብ ቀድሞ ጎድሏል፤ የዘገየው ምስክሩ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ይኸው ነገር በከፋ መልኩ ታየ። አንሴል ኪስ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ በጦርነት ላለመዋጋት በኅሊናቸው ምክንያት እምቢ ያሉ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን በ1945 ለ24 ሳምንታት በከፊል ረሃብ አቆያቸው። ዓላማው በጦርነት የተራበውን ሕዝብ እንዴት ማገገም እንደሚቻል ማወቅ ነበር። ወጣቶቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ሥጋቸው ሲመናመን የብዙዎቹ ቁርጭምጭሚትና ፊት ግን በውሃ አበጠ፤ ሚዛኑም የጉዳታቸውን ሙሉ መጠን ደበቀ። ሰውነታቸው የሚያነደው ኃይልም በእጅጉ ቀነሰ። ከዚህ ጥናት ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የኃይል አጠቃቀሙ መቀነስ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን በሳምንታትና በወራት የሚታይ ዝግ ያለ ለውጥ ነው። ከትናንት እስከ ዛሬ ያለው የአንድ ኪሎ ዝላይ ግን የውሃ፣ የጨውና የአንጀት ይዘት ሥራ ነው።

የውሃው መንገዶች ዛሬ በደንብ ይታወቃሉ። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ የሚያከማቸው ግላይኮጅን የተባለ ስኳር መጠኑ 500 ግራም ቢደርስ ነው፤ ሆኖም እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። እንጀራ፣ ዳቦና ሩዝ የቀነሰ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ኪሎ ሊወርድለት የሚችለው አብዛኛው ከዚህ ነው፤ ሲመለስም የሚመለሰው እንደዚሁ ነው። ጨውም የራሱ ሕግ አለው። በሆስፒታል በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ በአንድ ሊትር 9 ግራም ጨው ይይዛል፤ መጠኑ ከሰውነት ፈሳሽ ጋር የሚስማማ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ኩላሊት ትርፉን እስኪያስወጣ ድረስ 9 ግራም ተጨማሪ ጨው አንድ ሊትር፣ ማለትም አንድ ኪሎ ውሃ ሊያስቀር ይችላል። ያልተለመደ ከባድ እንቅስቃሴ የጎዳው ጡንቻም ውሃ ይይዛል፤ ብዙ ሴቶችም ከወር አበባ በፊት ባሉት ቀናት ክብደታቸው ይጨምራል።

ለ55 ቀናት ጾሞ ፋሲካን የፈሰከ ሰው በማግስቱ ሁለት ኪሎ ጨምሮ ቢያገኝ፣ ያ ሁለት ኪሎ ስብ ሊሆን አይችልም። አንድ ኪሎ ስብ ለማከማቸት ሰውነቱ ከሚያነደው በላይ ወደ 7,700 ካሎሪ መብላት ይኖርበታል፤ ሁለት ኪሎ ደግሞ የዚህን እጥፍ ይጠይቃል። ዶሮ ወጡ፣ ጨዉና እንጀራው ውሃቸውን ይዘው ገብተዋል፤ ሰውየው ወደ ልማዱ ሲመለስ በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኛው ይወጣል።

እውነተኛው ስብ የት ይሄዳል ለሚለው ጥያቄ ደግሞ በ2014 ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ስሌቱን ግልጽ አድርገው አቀረቡ። ከ10 ኪሎ ስብ 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል፤ የቀረው 1.6 ኪሎ ውሃ ይሆናል። የሳንቶሪዮ የማይታይ ትነት ከ400 ዓመት በኋላ ሙሉ ስሙን አገኘ። ስብ በትንፋሽ፣ ቀስ በቀስና ሳያቋርጥ ይወጣል፤ ውሃ ግን ይገባል፣ ይቆማል፣ ይወጣል።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ሚዛኑን መጣል አይደለም። ልብ በቂ ደም መግፋት ያቃታቸው ሕሙማን በየማለዳው እንዲመዘኑ ሐኪሞች የሚያዟቸው ውሃውን ለማየት ነው፤ ለእነርሱ በአንድ ሁለት ቀን የሚመጣ ከኪሎ በላይ ጭማሪ፣ በተለይ እግር ሲያብጥና ትንፋሽ ሲያጥር፣ ለሐኪም በቶሎ መነገር ያለበት ምልክት ነው። ስብ ለመቀነስ የሚጥር ጤነኛ ሰው ግን ከዚያው ሚዛን የሚሻው ሌላ መልስ ነው። ማለዳ ከመጸዳጃ በኋላ፣ ከመብላቱና ከመጠጣቱ በፊት ቢመዘን፣ የሰባቱን ቀን አማካይ ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር ቢያስተያይ፣ ሴት ከሆነችም ከወር አበባዋ ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ብታመዛዝን፣ ከውሃው ግርግር በታች የስቡ ጉዞ ይታያል። ያ አማካይ ለብዙ ሳምንታት ካልተንቀሳቀሰ አመጋገብንና እንቅስቃሴን መመርመር ተገቢ ነው። የአንድ ማለዳ ቁጥር ግን ብቻውን ለፍርድ አይበቃም፤ ጥርኝ ውሃ ይገለብጠዋልና።