የሴንትራል ፎልስ የትምህርት ወረዳ

የሴንትራል ፎልስ የትምህርት ወረዳ በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ክፍላገር የሚገኘውን የሴንትራል ፎልስ ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድር ተቋም ነው። ከ3 ሺህ ያነሱ ተማሪዎች ያሉት ትንሽ ወረዳ ቢሆንም፣ በአሜሪካ የትምህርት ፖሊሲ ክርክር ውስጥ ስሙ ደጋግሞ ይነሳል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከተማው የትምህርት ወጪውን መሸፈን ስላቃተው እ.ኤ.አ. በ1991 ወረዳው በክፍላገሩ መንግሥት ሥር ገባ። ሁለተኛ፣ በ2010 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ መምህራን በሙሉ እንዲሰናበቱ የተላለፈው ውሳኔ የአገሪቱን ፕሬዝዳንት ጭምር ያነጋገረ ጉዳይ ሆነ።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለባቸው በስተቀር፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ከተማው

ሴንትራል ፎልስ ከክፍላገሩ ዋና ከተማ ከፕሮቪደንስ በስተሰሜን፣ በብላክስቶን ወንዝ ዳር ይገኛል። የቆዳ ስፋቱ 3.3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዎቹ 22,583 ነበሩ። በመሆኑም በአሜሪካ ትንሹ ክፍላገር ውስጥ በስፋት ትንሹ፣ ነገር ግን ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ የሚኖርበት ከተማ ነው።

አካባቢው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በነበረ የቸኮሌት ወፍጮ ምክንያት «ቸኮሌትቪል» ይባል ነበር። በኋላ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተስፋፉበት። በ1895 ከሊንከን ተለይቶ ራሱን የቻለ ከተማ ሆነ። ፋብሪካዎቹ በ20ኛው ክፍለ ዘመን እየተዘጉ ሲሄዱ ግን የከተማው የገቢ ምንጭ ነጠፈ። ዛሬ አብዛኛው ነዋሪ ከኮሎምቢያ፣ ከፖርቶ ሪኮ፣ ከጓቴማላ፣ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክና ከሌሎች የላቲን አሜሪካ አገሮች የመጣ ወይም የእነዚህ ተወላጅ ነው። ከአፍሪካ ደግሞ የኬፕ ቨርዴ ተወላጆች አሉ። በዚህም የተነሳ እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚማሩት ልጆች ቁጥር ከፍተኛ ነው። ከተማሪዎቹ አብዛኞቹ በቤተሰባቸው ዝቅተኛ ገቢ ምክንያት ነጻ ወይም በቅናሽ ዋጋ የሚሰጥ ምሳ ለማግኘት ብቁ ናቸው።

ተዋናይት ቫዮላ ዴቪስ ያደገችው በዚህ ከተማ ሲሆን የተማረችውም በሴንትራል ፎልስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው።

አስተዳደር

በአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል የትምህርት ወረዳን የሚመራው ነዋሪው የመረጠው ቦርድ ነው። ቦርዱ «ሱፐርኢንቴንደንት» የሚባል የበላይ ኃላፊ ይቀጥራል፤ ኃላፊው ርዕሳነ መምህራንንና የዕለት ተዕለቱን ሥራ ይመራል። በሮድ አይላንድ እነዚህ ቦርዶች «የትምህርት ቤት ኮሚቴ» ይባላሉ። በሌሎች ብዙ ክፍላገሮች ካሉት ቦርዶች የሚለዩበት አንድ ነጥብ አለ፤ በራሳቸው ግብር መጣል አይችሉም። በጀቱን ያዘጋጃሉ፣ ገንዘቡን የሚፈቅደው ግን የከተማው ምክር ቤት ነው።

በሴንትራል ፎልስ ይህ አሠራር በ1991 ተቋረጠ። ከተማው የትምህርት ወጪውን መሸፈን እንደማይችል በመታወቁ ክፍላገሩ ኃላፊነቱን ወሰደ። ከዚያ በኋላ ወረዳውን የሚመራው የክፍላገሩ የትምህርት ባለሥልጣናት የሚሾሙት የባለአደራዎች ቦርድ ሆነ። የከተማው የወጪ ድርሻም በአብዛኛው ወደ ክፍላገሩ ግምጃ ቤት ዞረ።

ይህ አደረጃጀት ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል ትምህርት ቤቶቹ ደካማ ከሆነው የከተማ ገቢ ጥገኝነት ተላቀዋል። በሌላ በኩል ግን በአጎራባች ከተሞች ያሉ ወላጆች የትምህርት ቤት ኮሚቴያቸውን በድምፃቸው ሲመርጡና ሲሽሩ፣ የሴንትራል ፎልስ ወላጆች ይህን ዕድል አጥተዋል። «ገንዘቡን የሚከፍል ይወስን» እና «ልጆቹን የሚልክ ይወስን» በሚሉት ሁለት አስተሳሰቦች መካከል ያለው ውጥረት የወረዳውን ታሪክ ሁሉ ይከተላል።

ገንዘብ

የአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ገንዘብ ከሦስት ቦታ ይመጣል፦ ከአካባቢው፣ ከክፍላገሩና ከፌዴራል መንግሥት። የአካባቢው ድርሻ በዋናነት የሚሰበሰበው ከቤትና ከመሬት ግብር ነው። ስለዚህ ውድ ቤቶች ያሉበት ከተማ በአነስተኛ የግብር ተመን ብዙ ገንዘብ ያገኛል፤ ድሃ ከተማ ግን ከፍተኛ ተመን ጥሎም ያንኑ ያህል ላያገኝ ይችላል።

ይህ ልዩነት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1973 በቴክሳስ ክፍላገር በሳን አንቶኒዮ ወረዳ ጉዳይ፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ትምህርት በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት የተረጋገጠ መሠረታዊ መብት አይደለም ሲል ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ወደ ክፍላገር ፍርድ ቤቶች ዞረ። የሮድ አይላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1995 የፖተኬት ከተማና ሌሎች ባቀረቡት ክስ፣ የትምህርት ገንዘብ አከፋፈል የሕግ አውጪው ጉዳይ ነው በማለት ጥያቄውን ሳይቀበለው ቀረ። በ2014ም በተመሳሳይ ክስ ላይ ይህንኑ አቋሙን አጸና።

ሮድ አይላንድ ለዓመታት ቋሚ የትምህርት ገንዘብ ቀመር አልነበራትም። በ2010 ሕግ ወጥቶ ቀመሩ ከጁላይ 2011 በጀምረው የበጀት ዓመት ሥራ ላይ ዋለ። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦

• ለእያንዳንዱ ተማሪ መሠረታዊ የትምህርት ወጪ ይተመናል።
• ተማሪው ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ከሆነ የዚህ ወጪ 40 በመቶ ይጨመርለታል።
• ከጠቅላላው ወጪ የክፍላገሩ ድርሻ በከተማው የመክፈል አቅምና በተማሪዎቹ የድህነት መጠን ይወሰናል።

ሦስተኛው ነጥብ ተራ አማካይ አይደለም። ሁለቱ ቁጥሮች በየራሳቸው ስኩዌር ይደረጋሉ፣ ይደመራሉ፣ ለሁለት ይካፈላሉ፣ በመጨረሻም ስኩዌር ሩት ይወሰድላቸዋል። ለምሳሌ በአቅም መለኪያው የክፍላገሩ ድርሻ 60 በመቶ፣ የድህነት መጠኑ 80 በመቶ የሆነ ከተማ ቢኖር፣ ተራ አማካዩ 70 ሲሆን ቀመሩ የሚሰጠው ግን ወደ 71 በመቶ ይጠጋል። ይህ ስሌት ምንጊዜም ከፍ ወዳለው ቁጥር ያደላል። ስለዚህ ከሁለቱ በአንዱ ብቻ በጣም የተጎዳ ከተማ ከተራ አማካይ የተሻለ ድርሻ ያገኛል።

ለሴንትራል ፎልስ ግን ቀመሩ ችግር ይዞ መጣ። ቀድሞ ወጪውን ከሞላ ጎደል ይሸፍን የነበረው ክፍላገር በአዲሱ ስሌት የሚሰጠው ገንዘብ አነሰ፤ ቀሪውን ከተማው መክፈል ይጠበቅበት ነበር። ቅነሳው በአንድ ጊዜ እንዳይወድቅ በበርካታ ዓመታት ተከፋፈለ። ከዚህም ሌላ ለወረዳው ልዩ የማረጋጊያ ፈንድ ተቋቋመ። እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች የሚሆን ተጨማሪ ገንዘብ በመጀመሪያው ቀመር ውስጥ አልነበረም፤ የተጨመረው ከዓመታት በኋላ ነው።

ቻርተር ትምህርት ቤቶችም በበጀቱ ላይ ተጽዕኖ አላቸው። እነዚህ በመንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ፣ ነገር ግን ከወረዳው አስተዳደር ውጭ የሆኑ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ተማሪ ወደ እነሱ ሲዛወር ገንዘቡ ይከተለዋል። ወረዳው ግን አንድ ተማሪ ስለቀነሰ መምህር ወይም ማሞቂያ መቀነስ አይችልም።

የከተማው ኪሳራ

ቀመሩ ሥራ ላይ በዋለበት ጊዜ ከተማው ራሱ ወድቆ ነበር። ለጡረተኞች አበልና ሕክምና የገባው፣ ገንዘብ ያልተቀመጠለት ግዴታ ወደ 80 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር፤ የዓመት በጀቱ ግን ከ20 ሚሊዮን ዶላር በታች ነበር። በ2010 ክፍላገሩ የከተማውን አስተዳደር ተረከበ። ሐምሌ 25 ቀን 2003 ዓ.ም. የቀድሞ ዳኛ ሮበርት ፍላንደርስ በአስተዳዳሪነታቸው የኪሳራ ማመልከቻ ለፌዴራል ፍርድ ቤት አቀረቡ። የአንዳንድ የቀድሞ ፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጡረታ እስከ 55 በመቶ ተቀነሰ። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ተዘግቶ ለጊዜው በበጎ ፈቃደኞች ተንቀሳቀሰ። ከተማው በ2012 ከኪሳራ ወጣ።

ትምህርት ቤቶቹ በዚህ ጊዜ አልተዘጉም። በጀታቸው ከ1991 ጀምሮ ከከተማው ተለይቶ በክፍላገሩ ይሸፈን ስለነበር ከተማው ሲከስር አብረው አልወደቁም።

የ2010 የመምህራን ስንብት

በ2009 በተሰጠው የክፍላገር ፈተና፣ በሴንትራል ፎልስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከ11ኛ ክፍል ተማሪዎች በሒሳብ የሚፈለገውን ደረጃ ያሟሉት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። በአራት ዓመት ትምህርቱን ጨርሶ የሚመረቀውም ከግማሽ በታች ነበር። በዚያን ወቅት የፌዴራሉ መንግሥት ዝቅተኛ ውጤት ላላቸው ትምህርት ቤቶች ገንዘብ ሲሰጥ ከአራት መንገዶች አንዱን እንዲመርጡ ይጠይቅ ነበር፦

• ትምህርት ቤቱን መዝጋት፤
• ለቻርተር ወይም ለሌላ አስተዳዳሪ ማስረከብ፤
• ርዕሰ መምህሩን ቀይሮ የማስተማር ሥራውን ማሻሻል፤
• ሠራተኞቹን አሰናብቶ ከቀድሞዎቹ ከግማሽ ያልበለጡትን ብቻ መልሶ መቅጠር።

የወቅቱ የበላይ ኃላፊ ፍራንሲስ ጋሎ መጀመሪያ የመረጡት ሦስተኛውን፣ ማለትም ማንንም መምህር የማያሰናብተውን መንገድ ነበር። ለዚህም የትምህርቱ ቀን በ25 ደቂቃ እንዲረዝም፣ መምህራን ከሰዓት በኋላ ተማሪዎችን እንዲያስጠኑ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከተማሪዎች ጋር ምሳ እንዲበሉና በክረምት ሥልጠና እንዲወስዱ ጠየቁ። የመምህራን ማኅበሩ ለተጨማሪው ሥራ የሚከፈለው ገንዘብ በቂ አይደለም፣ ለውጡም በድርድር እንጂ በትእዛዝ ሊመጣ አይገባም አለ። ስምምነት ሲጠፋ ጋሎ ወደ አራተኛው መንገድ ዞሩ።

የካቲት 16 ቀን 2002 ዓ.ም. የባለአደራዎች ቦርዱ በ5 ለ2 ድምፅ፣ ርዕሰ መምህሩን፣ መምህራኑንና አማካሪዎችን ጨምሮ 93 ሠራተኞች በትምህርት ዓመቱ ማብቂያ እንዲሰናበቱ ወሰነ። የክፍላገሩ የትምህርት ኮሚሽነር ዴቦራ ጊስትና የፌዴራሉ የትምህርት ሚኒስትር አርን ደንከን ውሳኔውን ደገፉ። ከስድስት ቀን በኋላ ፕሬዝዳንት ባራክ ኦባማ በዋሽንግተን ባደረጉት ንግግር ትምህርት ቤቱን በምሳሌነት በማንሳት ተጠያቂነት ሊኖር ይገባል አሉ። ማኅበራት ደግሞ ተቃወሙ። መከራከሪያቸው፣ ድህነት፣ የቋንቋ እጥረትና የተማሪዎች ከቦታ ቦታ መዘዋወር የፈጠሩት ውጤት በመምህራን ላይ ብቻ ተላከከ የሚል ነበር።

በሜይ ወር ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ። መምህራኑ እንደገና ሳያመለክቱ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ፣ በምትኩም የረዘመውን የትምህርት ቀን፣ የማስጠናት ሥራውንና አዲስ የምዘና ሥርዓት እንዲቀበሉ ተወሰነ። የሚቀጥለው ዓመት ግን ቀላል አልነበረም። የመምህራን መቅረትና ሥራ መልቀቅ ትምህርቱን አወከ።

የተማሪዎች ውጤት

ከ2010 በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት የሁለተኛ ደረጃው የምረቃ መጠን በግልጽ ከፍ አለ። የሒሳብና የንባብ ፈተና ውጤት ግን ያን ያህል አልተከተለም፤ ወረዳው በክፍላገሩ ዝቅተኛ ውጤት ከሚያስመዘግቡት መካከል እንደሆነ ቀጠለ። ዓመታቱን በቀጥታ ማነጻጸርም አስቸጋሪ ነው፤ ሮድ አይላንድ በ2015 ወደ አዲስ ፈተና ተሻገረች፣ በ2018 ደግሞ ከማሳቹሴትስ ፈተና ጋር ወደሚመሳሰል ሌላ ፈተና ተዛወረች።

በአገር ደረጃ የዚያ የፌዴራል ፕሮግራም ውጤት በ2017 በወጣ የመንግሥት ጥናት ተገምግሟል። ጥናቱ ገንዘቡን አግኝተው ከአራቱ መንገዶች አንዱን የተከተሉ ትምህርት ቤቶች፣ ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በፈተና ውጤት፣ በምረቃም ሆነ በኮሌጅ ምዝገባ ጉልህ ለውጥ አላሳዩም ሲል ደምድሟል።

በወረዳው ውስጥ ከታዩት ጸጥ ያሉ ሙከራዎች አንዱ በከተማው ካለው «ለርኒንግ ኮሚዩኒቲ» ቻርተር ትምህርት ቤት ጋር የተደረገው ትብብር ነው። የቻርተሩ ባለሙያዎች የንባብ ትምህርት ዘዴያቸውን ለወረዳው የአንደኛ ደረጃ መምህራን አካፍለዋል።

ከሴንትራል ፎልስ በኋላ

በ2019 ሮድ አይላንድ ከሴንትራል ፎልስ እጅግ የሚበልጠውን የፕሮቪደንስን የትምህርት ወረዳ ተረከበች። የሁለቱ መነሻ ይለያያል። ሴንትራል ፎልስ የተወሰደው ገንዘብ በማጣት ሲሆን ፕሮቪደንስ ግን በተማሪዎች ውጤትና በአስተዳደር ድክመት ነው። በፕሮቪደንስ ክርክር ወቅት የሴንትራል ፎልስ ልምድ በሁለቱም ወገን ተጠቅሷል። አንዱ ወገን ክፍላገሩ ትምህርት ቤቶችን ከከተማ ኪሳራ ማዳን እንደሚችል አነሳ፤ ሌላው ደግሞ ከብዙ ዓመታት የክፍላገር አስተዳደር በኋላም ውጤቱ ዝቅተኛ መሆኑንና ነዋሪው የመምረጥ ድምፁን ማጣቱን አስታወሰ።